የወንድሜ ደብተርና የልጄ ትምህርት



ባለፈው ወር በማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንዲት እናት በሩ አጠገብ ጠብቃ ያዘችኝ። እኔ የማስተምረው ትንሹን ልጇን ነው፤ የልቧ ጭንቀት ግን ስለ ትልቁ ነበር።

«መምህር፣ ልጄ ከሠራዊት ወጥቶ ‹ሚንሃል አሳኪም› ልማር ይላል። ሦስት ዓመት ነው አሉኝ። ሐኪም እሆናለሁ ቢል ይገባኛል፣ ነርስም ቢል፣ መሐንዲስም ቢል ይገባኛል። ይኼኛው ግን ሲጨርስ ምን ይሆናል?» አለችኝ።

እኔም እንደ ዐዋቂ «የንግድ ሥራ አመራር ማለት ነው፤ ጥሩ ትምህርት ነው» ብያት ሄድኩ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ግን አፈርኩ። ስሙን ተረጎምኩላት እንጂ ጥያቄዋን አልመለስኩላትም። ያቺ ሴት ሌሊት ቢሮ እያጸዳች ነው ልጆቿን የምታሳድገው። የጠየቀችኝም የቃል ትርጉም አይደለም፤ የሦስት ዓመት ድካም ምን ያፈራል ብላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ልመልስላት እሞክራለሁ። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤቴ ነው፤ ለዚያውም ካሳፈረኝ በኋላ።

ባለ ክቧ ወረቀት

ታናሽ ወንድሜ ከባለቤቱ ጋር እንጀራ ጋግሮ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ያስረክባል። እንጀራቸው ጥሩ ስም አለው። ባለፈው ዓመት ወንድሜ በሌላ ከተማ ሁለተኛ ቦታ ልክፈት ብሎ ተነሣ። ከባንክ 150,000 ሸቀል ሊበደር ፈለገ፤ ባንኩም ዋስ ጠየቀው። ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ፈርምልኝ» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩት። ወንድም ለወንድሙ ካልፈረመ ለማን ይፈርማል? ምን ያህል ታተርፋለህ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። በእኛ ዘንድ ዘመድን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነዋ!

በዚያው ሰሞን ልጄ የሚንሃል አሳኪም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። የሂሳብ አያያዝ መምህሯ፣ የምታውቁትን አንድ ትንሽ ድርጅት መርጣችሁ ሂሳቡን ሥሩ ብሎ የቤት ሥራ ሰጥቷቸዋል። አጎቷን ጠየቀችው፤ እሱም ደስ ብሎት ደብተሩን ሰጣት። ደብተሩን እኔም አየሁት። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በዕብራይስጥ ተጽፏል። የዱቄት ግዢ፣ የነዳጅ፣ የለቅሶ መዋጮ፣ የሠርግ ስጦታ፣ የልጆች ጫማ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ተደባልቋል።

አባታችን ቄስ ነበር። በሰንበት የገንዘብ ነገር በቤታችን አይነሣም ነበር፤ ዛሬም አይነሣም። ስለዚህ ልጄ ሰንበት እስኪወጣ ጠበቀች። ቅዳሜ ማታ ወንድሜና ባለቤቱ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳለ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል። የአንድ ፓኬት እንጀራ ዋጋ ያለ ማዓም 20 ሸቀል። ለአንዱ ፓኬት የሚወጣው የዱቄት፣ የመብራት፣ የፕላስቲክና የነዳጅ ወጪ 12 ሸቀል። ቀሪው 8 ሸቀል። ተሸጠም አልተሸጠም በየወሩ የሚከፈለው ኪራይ፣ አርኖና፣ ኢንሹራንስና የመሳሰለው 8,000 ሸቀል። 8,000 ለ8 ሲካፈል 1,000 ይሆናል። እንግዲህ በወር 1,000 ፓኬት እስኪሸጥ ድረስ ወንድሜ የሚለፋው ለቤቱ አከራይና ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። እሱ የሚሸጠው 1,100 ፓኬት ነበር። የወሩ ትርፍ 800 ሸቀል ብቻ!

«አይሆንም፤ ባንክ ውስጥ ሁልጊዜ ገንዘብ አለኝ» አለ ወንድሜ።

«አዎ አጎቴ፣ ገንዘቡ አለ፤ ያንተ ግን አይደለም» አለችው። ከደንበኛ የተቀበለው ማዓም፣ ከጥር 2025 ወዲህ ከመቶ 18 የሆነው፣ ለመንግሥት እስኪገባ ድረስ እሱ ዘንድ የተቀመጠ አደራ ነው። የዱቄቱ ነጋዴ ደግሞ በዱቤ ስለሚሰጠው፣ ዛሬ የተሸጠው እንጀራ ዱቄት ዋጋው ገና አልተከፈለም። የባንኩ ወረቀት ላይ ሲታይ ሀብት ይመስላል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ግን ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

የወንድሜ ባለቤት ዕብራይስጥ ማንበብ ይቸግራታል። ዝም ብላ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺ ክብ ምንድን ናት?» አለች።

«ያንቺ ደመወዝ ናት፣ እትዬ» አለች ልጄ።

ዜሮ በየትኛውም ቋንቋ ዜሮ ነው። ያቺ ሴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ምጣድ የምትጥድ ናት። ስንት ዓመት ሙሉ! በደብተሩ ላይ ግን ስሟ አንድ ቦታ የለም። ልጄ ለእርሷ ሥራ በጊዜው በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝ ቢታሰብ ብላ 6,200 ሸቀል ያህል ጨምራ አስልታዋለች። እንደዚያ ከሆነ 1,775 ፓኬት መሸጥ ያስፈልጋል። አዲሱ ብድር ሲመጣ ደግሞ በመቶ 8 ወለድ በአምስት ዓመት ቢከፈል ወርኃዊው ክፍያ 3,040 ሸቀል ያህል ነው። ለባንኩ ብቻ 380 ፓኬት ተጨማሪ መጋገር አለበት ማለት ነው፤ የሁለተኛው ቦታ ኪራይ ሳይነሣ።

ወንድሜ ፊቱ ተለዋወጠ። «በዘመድ መካከል ደግሞ ሂሳብ መጣ?» ብሎ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ተነሥቶ ወጣ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ልጄን ተቆጣኋት። «ማን ጠየቀሽ? በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?» አልኳት። እሷም ቀስ ብላ፣ «አባ፣ የምትፈርመው አንተ ነህ። እኔ የቆጠርኩት ላንተ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። መምህር ነኝ፤ የሰው ልጆችን ‹ጠይቁ፣ አትፍሩ› እያልኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የገዛ ልጄ ስትጠይቅ ግን አፏን ዘጋሁት።

ሦስት ሳምንት ከወንድሜ ጋር ሳንነጋገር ቆየን። በመጨረሻ የደወለችው ባለቤቱ ናት። «ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት ላክልኝ፤ ባለ ክቧን» አለችኝ።

ታዲያ ምንድን ነው የሚማሩት?

ይህን ሁሉ የተረክሁት፣ ልጄ በዚያች ወረቀት ላይ ያሰፈረችው እያንዳንዱ ቁጥር ከአንድ ኮርስ የመጣ ስለሆነ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያው ሂሳብ አያያዝ ነው፤ በዕብራይስጥ ሔሽቦናኡት ይሉታል። መሠረቱ የቆየ ነው። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ጣሊያናዊ መነኩሴ በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ የቬኒስ ነጋዴዎች ሂሳባቸውን እንዴት እንደሚይዙ ጽፎ አስተማረ። ዘዴው እያንዳንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፦ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ። ሁለቱ ወገን እኩል ካልሆነ አንድ ስሕተት አለ። ተማሪው ትርፍና ኪሳራን፣ ሀብትና ዕዳን፣ የገንዘብ እንቅስቃሴን ለያይቶ ማንበብ ይማራል። ወንድሜ ገንዘቡንና ትርፉን ያምታታው እነዚህ ሦስቱ በአንድ ደብተር ስለተደባለቁበት ነው።

ሁለተኛው ኢኮኖሚክስ ነው። እዚህ የሚማሩት ትልቁ ነገር፣ አንዱን ስትመርጥ የቀረብህ ሌላውም ዋጋ እንዳለው ነው። የወንድሜ ሚስት ሌላ ቦታ ተቀጥራ ብትሠራ ደመወዝ ታገኝ ነበር፤ ያ የቀረባት ደመወዝ የእንጀራው ወጪ ነው። ሌላም አለ። ‹ይህን ያህል ገንዘብ አውጥቼበታለሁና አልተወውም› የሚል ሰው ብዙ ነው። ያለፈው ወጪ ግን የነገውን ውሳኔ መምራት የለበትም። አባቶቻችን ‹የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም› ያሉት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ስታቲስቲክስ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚፈራው። አማካይ ቁጥር ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ያስተምራል። ወንድሜ በስግድና በአዲስ ዓመት ሰሞን ብዙ ይሸጣል። በፋሲካ ሳምንት ደግሞ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ እኛ እርሾ የገባበትን አንበላምና። ኪራዩ ግን ፋሲካን አያከብርም። በጥሩው ወር ተደስቶ ዓመቱን በዚያ የሚለካ ሰው ይወድቃል።

አራተኛው ፋይናንስ፣ በዕብራይስጥ ሚሙን ነው። የዛሬ ገንዘብና የነገ ገንዘብ እኩል እንዳልሆኑ፣ ወለድ ወለድን እንዴት እንደሚወልድ ያሳያል። ያ 150,000 ሸቀል በአምስት ዓመት ሲከፈል ወደ 182,500 ይጠጋል። ይህን ማስላት የሚችል ልጅ በቤት ውስጥ ካለ፣ የማሽካንታ ወረቀት ስትፈርሙም ይጠቅማችኋል።

አምስተኛው ግብይት ነው፤ ሺቩክ። ብዙዎቻችን ማስታወቂያ ብቻ ይመስለናል። ዋናው ጥያቄ ግን ‹ማን ነው የሚገዛኝ? ለምን? በስንት? የት?› የሚለው ነው። ወንድሜ ሁለተኛውን ቦታ ሊከፍት ያሰበው እዚያ ከተማ ወገን ብዙ ስለሆነ ነው። ሆኖም እዚያ ያሉት እናቶች ራሳቸው ቤታቸው ይጋግሩ እንደሆነ አልጠየቀም።

ስድስተኛው የንግድ ሕግ ነው። ውል ምንድን ነው፣ ፊርማ ምን ያስከትላል? በዚህ አገር የዋስትና ሕግ አለ፤ በ1967 የወጣ ነው። ሕጉ ለአንዳንድ ዋሶች ጥበቃ ቢያደርግም ነገሩ ግልጽ ነው፦ ተበዳሪው ካልከፈለ ዕዳው ወደ ዋሱ ይመጣል። እኔ ‹እሺ› ስል ለወንድሜ ፍቅሬን የገለጽኩ መስሎኝ ነበር። ለባንኩ ግን ቤቴንና ደመወዜን ነበር የምሰጠው።

የመጨረሻው ከሁሉ ለስላሳ የሚመስለው፣ ለእኛ ልጆች ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው። ይኸውም ሰዎች በመሥሪያ ቤት እንዴት አብረው እንደሚሠሩ የሚያጠናው ኮርስና በቡድን የሚሠራው የቤት ሥራ ነው። ተማሪው ሰው ፊት ቆሞ ሥራውን ማስረዳት፣ ሲጠየቅ መመለስ፣ ከጓደኛው ጋር መከራከር ይኖርበታል። እኛ ልጆቻችንን ‹በትልቅ ሰው ፊት ዐይንህን ዝቅ አድርግ› ብለን ነው ያሳደግናቸው። ይህ ጨዋነት ነው፤ አላቃልለውም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ግን ቀጣሪው ዝምታቸውን አለማወቅ አድርጎ ያየዋል። ልጄ መጀመሪያ ክፍል ፊት ቆማ ስትናገር ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነግራኛለች። ቅዳሜ ማታ ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው በዚያ ድፍረት ነው። አክብሮቷም አብሯት ነበር፤ ሰንበት እስኪወጣ የጠበቀችው ለዚህ ነው።

መቁጠር ለእኛ እንግዳ ነገር ነው?

ወንድሜ ‹በዘመድ መካከል ሂሳብ መጣ› ሲል፣ ቆጠራ የፈረንጅ ነገር ይመስለው ነበር። እኔም ለጊዜው እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያደግነው በሚቆጥሩ ሰዎች እጅ ነው።

እናታችን ወገራ ውስጥ ሸክላ ትሠራ ነበር። ዐሥር ማሰሮ ብትተኩስ ሁለቱ እሳት ውስጥ እንደሚሰነጠቁ ታውቃለች። ስለዚህ የስምንቱ ዋጋ የዐሥሩን ጭቃ፣ የዐሥሩን እንጨትና የዐሥሩን ድካም እንዲመልስ አድርጋ ነበር የምትሸጠው። ዛሬ ልጄ በኮሌጅ ‹የብክነት ወጪ› ብላ የተማረችውን እናታችን ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች። ቅዳሜ ገበያ ደምቆ ሲውል እኛ አንወጣም፤ ሰንበት ነውና። ስለዚህ የሌላ ቀን ገበያ ትመርጣለች፣ ርቀቱንና የምታገኘውን ታመዛዝናለች።

አባታችን ደግሞ ቀን ይቆጥር ነበር። ከአስተስርዮ ተነሥቶ እስከ ኀምሳኛው ቀን፣ እስከ ስግድ ድረስ። አንድ ቀን ቢሳሳት መንደሩ በሙሉ በዓሉን ባልሆነ ቀን ያውላል። ‹ቆጠራ አደራ ነው› ይል ነበር። እኔ ግዕዙን ከእርሱ፣ ቁጥሩን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማርኩ ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳየው ሁለቱንም የጀመርኩት ከእርሱ ዘንድ ነው።

ልጆቻችን በእነዚህ ኮርሶች የሚማሩት ዘዴው አዲስ ነው፤ ኮምፒውተሩ፣ ኤክሴሉ፣ የሕጉ ቃል አዲስ ነው። ነገሩ ግን ለእኛ ባዕድ አይደለም። ‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር› የሚለው ተረት ከየት መጣና?

ከመመዝገባችሁ በፊት

እንግዲህ ለዚያች እናትና እንደ እርሷ ለሚያስቡ ሁሉ ጥቂት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ይህ ዲግሪ እንደ ሐኪም አንድ የተወሰነ ሙያና ፈቃድ አይሰጥም። የተመረቀ ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል ማለትም አይደለም። ሮኤ ሔሽቦን መሆን የሚፈልግ ልጅ በሂሳብ አያያዝ ሙያ ልዩ ትምህርት፣ የመንግሥት ፈተናና የሁለት ዓመት ስታጅ ይጠብቀዋል። ሚንሃል አሳኪም ሰፊ መሠረት ነው፤ ባንክ፣ ሽያጭ፣ የሰው ኃይል፣ ግዢ፣ የራስ ሥራ፣ ወደ ብዙ በር ይወስዳል። ሰፊ ስለሆነ ግን ልጁ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ከኢኮኖሚክስ፣ ከሂሳብ አያያዝ ወይም ከመረጃ ሥርዓት ጋር አጣምሮ ቢማር ይበረታል።

ሁለተኛ፣ ‹ቀላል ነው› ብሎ የሚገባበት ልጅ አንደኛው ዓመት ላይ ይደነግጣል። ሂሳብ፣ ስታቲስቲክስና እንግሊዝኛ አለበት። በእነዚህ ደካማ ከሆነ በመጀመሪያ መኺና ገብቶ ቢያጠናክር አያፍርበት። ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ይባላል።

ሦስተኛ፣ ተቋሙ በከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት፣ በማላግ፣ የታወቀ መሆኑን ጠይቁ። ክፍያውንም አመዛዝኑ። በመንግሥት በጀት በሚደገፉት ተቋማት የዓመቱ ክፍያ ከ10,000 ሸቀል ይበልጣል፤ በግል ኮሌጆች ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመር ባግሩትም ፕሲኮሜትሪም አይጠይቅም፤ ብቻውን ተቀምጦ ማጥናት የሚችል ልጅ ግን ያስፈልገዋል። ከሠራዊት የወጣ ልጅ ፒካዶኑን ለትምህርት ማዋል ይችላል። ልጃችሁ ለሌላ ነገር ሳያጠፋው ተቀምጣችሁ ተመካከሩ።

አራተኛ፣ ሥራ ያላችሁ ትልልቆች፣ ዲግሪ ባትማሩም ደብተራችሁን ለዩ። የቤት ደብተርና የሥራ ደብተር አንድ አይሁን። አጭር የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ኮርስ በየቦታው ይሰጣል። ለአነስተኛ ንግዶች ምክር የሚሰጡ የማዖፍ ማዕከላትም አሉ።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ልጃችሁ የተማረውን ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ አፉን አትዝጉት። እኔ ዘግቼ አይቻለሁና።

የወንድሜን ነገር ልጨርስላችሁ። ሁለተኛውን ቦታ አልከፈተም፤ እኔም አልፈረምኩም። የአንዱን ፓኬት ዋጋ በ2 ሸቀል ጨመሩ። አንዳንድ ደንበኛ ቀረ፣ ሌላ መጣ፤ ብዛቱ ያው 1,100 ገደማ ሆኖ ቀጠለ። አሁን የወንድሜ ሚስት በየወሩ 3,000 ሸቀል በስሟ ትቀበላለች። ሙሉ ደመወዝ አይደለም፤ ክብ ግን አይደለም። ወንድሜ ዛሬም ልጄን ሲያያት «ኦዲተሯ መጣች» እያለ ያሾፋል። ወሩ ሲያልቅ ግን የደብተሩን ፎቶ ይልክላታል። የለቅሶና የሠርጉ መዋጮ አሁን በሌላ ደብተር ነው የሚጻፈው። አልቀረም፤ አይቀርምም።

እንግዲህ እናቴ፣ ‹ሲጨርስ ምን ይሆናል?› ብለሽ ነበር የጠየቅሽኝ። ከበረታ፣ ሰው ሊፈርም ብዕር ሲያነሣ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ እንቁጠረው› የሚል ልጅ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ከሁሉ በላይ ይፈልገዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላማችሁ ይብዛ፤ እግዚአብሔር ልጆቻችንን ያሳድግልን።